ከሰፊዋ ሃሰልብላድ ጋር፦ የጉዞ ማስታወሻ

እሁድ ማታ

ነገ ጠዋት መንገድ አለ። የምይዘው ካሜራ አንድ ነው፤ ሃሰልብላድ ኤስደብሊውሲ። በ1960ዎቹ የተሠራች ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባትሪ አታውቅም። የብርሃን መለኪያ የላትም። ፎከስም በዓይን አታሳይም፤ ርቀቱን ገምታችሁ ሌንሱ ላይ ትሞላላችሁ።

ሃሰልብላድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከላይ ቁልቁል እያዩ የሚያነሱበት ባለመስታወቱ ካሜራ ነው። ይህቺ መስታወት የላትም። ምክንያቱ ሌንሷ ነው። ቢዮጎን ይባላል፤ 38 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 4.5 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ሉድቪግ በርተለ ለሌንስ ሠሪው ዛይስ የነደፈው። የሌንሱ የኋላ ጫፍ ፊልሙ ሥር ድረስ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። በመሃል የሚገለበጥ መስታወት የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ የስዊድኑ ፋብሪካ ለዚህ ሌንስ ብሎ ለብቻዋ ቀጭን ካሜራ ሠራለት። የመጀመሪያዋ በ1954 ወጣች። ፊልሙን ስትዘውሩ ሹተሩም (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል) አብሮ የሚቀባበልባት ኤስደብሊውሲ ደግሞ በ1959 መጣች። ከጥግ እስከ ጥግ 90 ዲግሪ ያህል ታያለች። እኔን የማረከኝ ግን ስፋቷ አይደለም። ቀጥ ያለው መስመር ጠርዝ ላይ እንኳ ቀጥ እንዳለ መቅረቱ ነው።

ከመተኛቴ በፊት ምርመራ አለ። ፊልሙ የሚቀመጥበትን ማጋዚን ከኋላ እነቅላለሁ። ሹተሩን ቢ ላይ (እስክለቀው ክፍት በሚቆይበት) አድርጌ ከፍቼ እይዛለሁ፤ ከፊት የስልክ መብራት አበራለሁ። የሻጋታ ክር፣ ጭጋግ ወይም የዘይት ጠብታ ካለ ከኋላ ሲታይ እዚያው ይጋለጣል። ሌንሷ ደህና ናት። ትንሽ አቧራ አለባት፤ እሱ ፎቶ ላይ አይወጣምና አልነካውም። ሌንስ የሚጎዳው አቧራው ሳይሆን አቧራውን ማሸት ነው። መጀመሪያ በአየር መንፊያ እፍ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ፤ ጨርቅ የመጨረሻው ነው።

ቀጥሎ ሹተሩን ከ1/500 እስከ 1 ሰከንድ በየደረጃው አስጮኸዋለሁ። ሌንሱ ላይ ቪ፣ ኤክስ እና ኤም የተጻፈባት ትንሽ ማንሻ አለች። ኤክስና ኤም የፍላሽ ናቸው፤ ኤክስ ላይ ትቆያለች። ቪ ማለት ቆይቶ የሚያነሳው ሰዓት ነው፤ በእነዚህ አሮጌ ኮምፑር ሹተሮች ላይ መሃል ላይ ተነክሶ መቅረት ይወዳል። የዚህ ዘመን ሹተር ያለበት ካሜራ የገዛ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይሄንኑ ነው፦ ቪን አትንኩ።

ቦርሳው ውስጥ ሁለት ማጋዚኖች፣ ትንሽ ትራይፖድ፣ የሹተር ገመድ፣ የእጅ ላይት ሜትር፣ አጭር ሜትሮ፣ ጥቃቅን ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ የማጋዚን መለዋወጫ ማሸጊያ፣ የፊልም ማጠቢያ ታንክ እና ጥቁሩ ከረጢት አሉ። እያንዳንዱ ማጋዚን ላይ ናስትሮ ለጥፌ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ለ›› ብዬ ጽፌበታለሁ። ችግር ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መላ የለም።

ሰኞ

አብዛኛው ቀን በኤርፖርት አለቀ። ፊልሞቼን ከማሸጊያ ካርቶናቸው አውጥቼ በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌአለሁ። ፍተሻው ጋ ስደርስ በእጅ እንዲያዩልኝ በትህትና ጠየቅሁ። አዲሶቹ የሲቲ ስካነሮች ፊልም ላይ ጭጋግ ይጥላሉ፤ ኮዳክም ኢልፎርድም በእነሱ ውስጥ ፊልም እንዳይገባ ያስጠነቅቃሉ። አይኤስኦው (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ባለ ቁጥር ጉዳቱም ይከፋል። ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፊልም መክተት ግን በጭራሽ። ፈታሿ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጋ መለሰችልኝ። ካሜራዋ ራሷ ባዶ ስለነበረች በማሽኑ አለፈች።

አመሻሽ ላይ ማረፊያዬ ደረስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማጋዚን ‹‹ሀ››ን ሞላሁ። መካከለኛ ፎርማት (ሰፋ ያለው የ120 ፊልም) ላይ ለጀመረ ሰው አንዴ ላሳየው። የማጋዚኑን ሆድ መዛችሁ ታወጣላችሁ። በሆዱና በቅርፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ አብረው የተሠሩት አብረው ሲሆኑ ነው የፍሬሞቹ ልዩነት እኩል የሚመጣው። አዲሱን ፊልም በአንዱ በኩል፣ ባዶውን ጥቅልል በሌላው በኩል ታስቀምጣላችሁ። ወረቀቱ ሲሳብ ጥቁር ገጹ ወደ ውጭ ነው። ጫፉን በመያዣው ጠርዝ ሥር ታስገቡና ባዶው ጥቅልል ላይ ትሰካላችሁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ከቀዩ ምልክት ጋር እስኪገጥም በእጅ ታዞራላችሁ። እዚያ ላይ ቁም። ሆዱን መልሳችሁ ትከቱና መዘውሩ ራሱ 1 ቁጥር ላይ እስኪቆም ትዘውራላችሁ። 12 ፎቶ ዝግጁ ነው።

ወረቀቱ ጠበቅ ብሎ መጠቅለል አለበት። ከላላ ጥቅልሉ ይወፍርና ስታወጡት ብርሃን በጎን ይገባል። 120 ፊልም ቆርቆሮ የለውም፤ ጠባቂው ወረቀቱ ብቻ ነው። መሙላትም ማውጣትም ጥላ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ገደሉ ወረድኩ። ከታች ወንዝ፣ ከላይ ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ።

ሰፊ ሌንስ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ለማስገባት ወደ ኋላ መሸሽ ነው። ያኔ ድልድዩ ያንሳል፣ ሰማዩ ባዶ ይሆናል፣ ፎቶው ምንም አይናገርም። ቢዮጎን የሚፈልገው የተገላቢጦሹን ነው። መቅረብ። ወንዙ ዳር ካለው አለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተንበረከክሁ። አለቱ ከታች ሙሉውን ግማሽ ያዘ፤ ድልድዩ ከኋላው ቆመ። አሁን ዓይን የሚሄድበት መንገድ አገኘ። ይህ ሌንስ ቦታን ለመጠቅለል ሳይሆን ቦታ ውስጥ ለመግባት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። አሜሪካዊው ሊ ፍሪድላንደር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህቺው ካሜራ የሠራቸውን ሥራዎች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ቁጥቋጦው፣ አጥሩ፣ የራሱ ጥላ ሳይቀር ፊት ለፊት ይመጡባችኋል።

ፎከሱ ቀላል ነው። ሌንሱ ላይ የጥልቀት ምልክቶች አሉ። ኤፍ 16 ላይ ሆኜ ርቀቱን 1.5 ሜትር አካባቢ ሳስቀምጥ፣ ከ80 ሴንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማሱ ድረስ ይጠራል። ትልቅ ህትመት የሚያስብ ሰው ግን ምልክቶቹን ሙሉ በሙሉ አይመናቸው። እኔ ሲቻል አንድ ስቶፕ (የቀዳዳውን አንድ ደረጃ) ጨምሬ እዘጋለሁ። ኤፍ 22 ድረስ መሄድን ግን አልወድም፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ ይበተንና ጥራቱ ይለዝባል። በጣም ስቀርብ ሜትሮውን አወጣለሁ። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ፊልሙ ካለበት ቦታ ነው። ሌንሱ እስከ 30 ሴንቲሜትር ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ሁለት ጣት ስህተት ፎቶውን ትበላዋለች።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃልክ። ካሜራዋ አናት ላይ ትንሽ ውሃልክ አለች፤ በቪውፋይንደሩ (በማያ መስኮቷ) ጎን ባለች ፕሪዝም በኩል ዓይናችሁን ሳታነሱ አረፋዋን ታያላችሁ። አረፋዋ መሃል ላይ ካልሆነች የድልድዩ ምሰሶዎች ወደ ኋላ ይወድቃሉ። 50 ሚሊሜትር ላይ የማይታወቅ መዘንበል እዚህ ይጮኻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጠርዞቹን መቃኘት፣ ከዚያ ሹተር። ጠርዝ የምለው በምክንያት ነው። የቪውፋይንደሩን የታችኛውን ክፍል ሌንሱ ራሱ ይጋርደዋል። የትራይፖድ እግር፣ የካሜራው ማንገቻ፣ የራስ ጫማ፤ ሁሉም እዚያ ጥግ ውስጥ ሾልኮ ይገባል።

ብርሃኑ ደግሞ ቆንጆ ነበር። ሙሉ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 400 ፊልም፤ 1/500 በኤፍ 16 ማለት ነው። ላይት ሜትሩም ያንኑ አለ። በዚህ ሌንስ ላይ የሹተሩና የአፐርቸሩ (የቀዳዳው) ቀለበቶች ተያይዘው ነው የሚዞሩት። ብርሃኑን አንዴ ከሞላችሁ በኋላ ወደ 1/250 ስትወርዱ አፐርቸሩ ራሱ ወደ ኤፍ 22 ይሄዳል። መጀመሪያ ያናድዳል። ሲለመድ ግን ሌላው ካሜራ ላይ ሳይቀር እጅ ይፈልገዋል።

ረቡዕ

ዝናብ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ብዙም ሳልቆይ ተመለስኩ። ከብርዱ ወደ ሞቀው ክፍል ስገባ ካሜራዋን ከቦርሳው አላወጣኋትም፤ ዚፑን እንደዘጋሁ ለሰዓታት ተውኳት። ብርድ የበላት ሌንስ ሙቀት ውስጥ ድንገት ስትወጣ ታልባለች፤ ላቡ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሻጋታ የሚጀምረው በዚያ ነው።

ሐሙስ

የተዘጋ አሮጌ የባቡር ጣቢያ። ጣሪያው ብረትና መስታወት ነው፤ ወለሉ ላይ የአቧራ ምንጣፍ ተነጥፏል። ለዚህች ካሜራ ከውስጥ ሕንፃ የተሻለ ቦታ የለም። አምዶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የጣሪያው ብረቶች ከጥግ እስከ ጥግ ሳይጎብጡ ሄዱ። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጌ፣ አረፋዋን አስተካክዬ፣ ገመዱን ሰካሁ።

ላይት ሜትሩ ኤፍ 16 ላይ 10 ሰከንድ አለኝ። 10 አልሰጠሁም። ፊልም በረጅም ጊዜ ላይ ይሰንፋል፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ምላሹ እጥፍ አይሆንም። የያዝኩት ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ ነው። ለእሱ ኩባንያው የሚሰጠው ስሌት የተለካውን ሰከንድ 1.31 ላይ ከፍ ማድረግ ነው። 10 ሰከንድ 20 ይሆናል። ሹተሩን ቢ ላይ አድርጌ፣ ገመዱን ቆልፌ፣ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ኮሪደሩ ላይ ድምፄ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ብሩህ በሆነው በኩል 1 ሰከንድ ሞከርኩ። ጆሮዬ አንድ ነገር ሰማ። የዝግተኛ ፍጥነቶቹ ማርሽ እኩል መንዘር አለበት፤ መጨረሻው ላይ ግን ጎተተ። ስልኬን አጠገቡ አድርጌ ድምፁን ቀዳሁት። የድምፁን ስዕል ስክሪኑ ላይ ሳየው ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ድረስ ከ1 ሰከንድ በላይ ሄዷል። ለዝግተኛ ፍጥነቶች ይህ ዘዴ በቂ ነው፤ ለ1/500 ግን ትክክለኛ መለኪያ ያስፈልጋል። ጠዋት ብርድ ነበር፤ የቆየ ቅባት በብርድ ይወፍራል። ካሜራዋን ኮቴ ውስጥ አሞቅኳትና ሹተሩን ደጋግሜ አሠራሁት። ተሻለው። ቢሆንም አስተማማኝ ስላልሆነ የቀረውን ሁሉ በቢ ቆጥሬ ሠራሁ። እንዲህ ሲሆን አንዳንዱ ሰው የዘይት ጠብታ ለመጨመር ይፈተናል። አታድርጉት። የሹተሩ ቅጠሎች ደረቅ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዴ ዘይት ከነካቸው ይጣበቃሉ።

ማታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊልም አጠብኩ። በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ወረቀቱን ከፊልሙ ለይቼ ጥቅልሉ ላይ አስገባሁ። አይዲ 11 የሚባለው ማጠቢያ ኬሚካል ሳይበረዝ፣ 20 ዲግሪ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል። ማቆሚያ፣ ፊክሰር፣ ውሃ። ከታንኩ ሳወጣው ኔጌቲቮቹ ድንቅ ነበሩ። ከማጋዚን ‹‹ሀ›› የወጣው ንጹሕ ነው። ከ‹‹ለ›› የወጣው ግን በአንዱ ጎን፣ ሁልጊዜ በዚያው ጎን፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ጭረት አለው። ኔጌቲቭ ላይ ጥቁር ማለት ህትመት ላይ ነጭ ማለት ነው። ብርሃን ገብቷል።

ከየት? ፍሬሞቹን በተርታ አየኋቸው። ቶሎ ቶሎ ያነሳኋቸው ላይ ጭረቱ የለም ማለት ይቻላል። አረፋ ስጠብቅ፣ ደመና ስጠብቅ ፀሐይ ላይ የቆዩት ላይ ወፍሯል። ሌንሱ ወይም ሹተሩ ቢሆን ጊዜ አይለይም ነበር። ጊዜ የሚለየው የዳርክ ስላይዱ፣ ማለትም ማጋዚኑ ሲነቀል ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው ስስ ሳህን፣ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ስላይዱ ሲወጣ ቀዳዳውን የሚዘጋው ውስጥ ያለው ማሸጊያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያረጃል።

ዓርብ

ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ። ፎጣው ብሎን እንዳይንከባለል ይይዛል።

የማጋዚን ‹‹ለ››ን ሆድ አወጣሁ፤ ስላይዱን መዘዝሁ። በቀዳዳው በኩል ያለችውን ሽፋን የያዙትን ጥቃቅን ብሎኖች ልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ፈታሁ። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን አፍ ይበላዋል፤ አፉ የተበላ ብሎን ያለበት ማጋዚን ካያችሁ ከእናንተ በፊት ሰው በችኮላ ገብቶበታል። ሽፋኗ ስትነሳ ማሸጊያው ታየ። ሥራው ቀላል ነው፤ የታጠፈ ስስ የፕላስቲክ ወረቀት አለ፣ ከሥሩ ደግሞ እሱን የሚገፋ ስፖንጅ። ስላይዱ ሲገባ ይጨመቃል፣ ሲወጣ ተነስቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። የእኔው ስፖንጅ በወረንጦ ስነካው ተፈረፈረ። ግማሹ ወደ ጥቁር ሙጫ ተለውጧል። ፕላስቲኩም አንድ ጫፉ ላይ ታጥፎ ቀርቷል።

ፍርፋሪውን ለቀምኩ። የተጣበቀውን አልኮል በነካ የጥጥ እንጨት ቀስ ብዬ አነሳሁ፤ ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም። አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቄ አዲሱን ስፖንጅ አስቀመጥኩ፣ በላዩ አዲሱን ፕላስቲክ በእጥፋቱ። ሽፋኗን መለስኩና ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ አጠበቅሁ። ስላይዱን ስከተው ልዝብ ያለ ተቃውሞ ተሰማኝ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ሁሉም ነገር ከአንድ ኩባያ ሻይ በላይ ጊዜ አልወሰደም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የማሸጊያውን ዕድሜ የሚያሳጥረው የስላይዱ አገባብ ነው። በጥግ በኩል አስቀድማችሁ ካስገባችሁት ያቺ ጥግ ፕላስቲኩን ትገፋና ታጥፈዋለች። ስላይዱ በሙሉ ስፋቱ፣ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ይግባ።

ማጋዚኑ ላይ ሌላም ነገር አየሁ። በፍሬሞቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ መጨረሻው እየጠበበ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊነካኩ ደርሰዋል። ያ የማርሽ ጉዳይ ነው። እሱን ጠረጴዛ ላይ አልሞክረውም።

ቅዳሜ

ተራራው ላይ ከጓደኛዬ ጋር ወጣሁ። ቢጫ ፊልተር አድርጌ አንድ ስቶፕ ከፈትኩ፤ ደመናው ከሰማዩ ተለየ።

እሱ ከጠርዙ በኩል መቆም ይወዳል፤ እዚያ ነው እይታው ያለው። ‹‹ወደ መሃል ግባልኝ›› አልኩት። ‹‹ምን ችግር አለው፣ እገባለሁ እኮ በፎቶው›› አለ። ትገባለህ፣ ጭንቅላትህ ግን እንደ እንቁላል ይረዝማል። ይህ የሌንሱ ጉድለት አይደለም። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያቆይ ሰፊ ሌንስ ሁሉ ክብ ነገርን ጠርዝ ላይ ይለጥጣል። ስለዚህ ሰው መሃል፣ ግድግዳና መሬት ጠርዝ። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ቀርቤ አነሳሁት። ፊቱ ሙሉ፣ ከኋላው ሸለቆው ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት መጣች። የእኔዋ ሌንስ ቲ-ስታር የሚባለው ብዙ ድርብ ሽፋን ከመምጣቱ በፊት የተሠራች ናት፤ ሽፋኗ አንድ ድርብ ብቻ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ስትመታት ፎቶው ይገረጣል። በእጅ እጋርዳለሁ ብትሉ እጃችሁ ፎቶው ውስጥ ይገኛል። መፍትሔው የቆማችሁበትን ቦታ መቀየር ነው፤ የዛፍ ግንድ ወይም የግድግዳ ጥግ ፀሐይዋን ይሸፍናትና ሰማዩ ይተርፋል። ጥግ ጥጉ ላይ ፎቶው ትንሽ ይጨልማል፤ የሰፊ ሌንስ ጠባይ ነው። እኔ ህትመት ላይም አላስተካክለውም። ደስ ይለኛል።

ማጋዚን ‹‹ለ››ን ሆን ብዬ ፈተንኩት። ስላይዱን አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ መካከል ደቂቃዎች ቆየሁ። ማታ አጠብኩት። ጠርዙ ንጹሕ ነው!

እሁድ

መመለሻ። ፊልሞቹን በፕላስቲኩ፣ ፍተሻውን በእጅ፤ እንደ አመጣጤ።

ቤት እንደገባሁ ካሜራዋን ከቆዳ ቦርሳ ውጭ፣ አየር በሚገባበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ለመንገድ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ከጎኗ ሲሊካ ጄል አለ።

ለጥገና ባለሙያው ከካሜራዋ ጋር የምልክለት ወረቀት ተጽፏል። ሹተሩ ተፈትቶ ይታጠብ፣ ዝግተኛ ማርሹ አዲስ ቅባት ያግኝ፤ ሲጨርስ የሁሉንም ፍጥነቶች ልኬት በቁጥር ይጻፍልኝ። ሌንሱ ውስጥ ያለውን አቧራ ግን አይንካብኝ፤ ለእሱ ብሎ ቢዮጎንን መፍታት አያስፈልግም። ማጋዚን ‹‹ለ›› አብሮ ይሄዳል፤ ማሸጊያው አዲስ ነው፣ የፍሬም ክፍተቱ ይስተካከል። እስከዚያው በ‹‹ሀ›› ብቻ እንዳልሠራ ካሜራዋ ራሷ ለጥገና ትሄዳለች፤ ስለዚህ የጣቢያውን ፎቶዎች ወደ ማተም እገባለሁ።